ምን ብዬ ልጥራህ

ይድረስ ለእናቴ ለእቴቴ
ደብረ ብርሃን

እቴቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኅዳር ውርጭ ሲገባ የግራው እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ከሰላምታዬ በፊት እሱን ጠየቅሁ። አንቺስ ራስሽ እንዴት ከርመሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? የላክሁልሽ የጉልበት ማሰሪያ ተስማማሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለደህና ቀን ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ሐኪሙ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ አትውሰጂ ማለቱን እንዳትረሺ፤ ጻድቃኑም ቢሆኑ በዚህ አይቀየሙሽም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሦስታችንም ደህና ነን። ሀርጌሳ ሰው እንደሚያስባት እሳት አይደለችም፤ ቀን ሞቅ ትላለች፣ አመሻሹ ላይ ሹራብ የሚያስደርብ ነፋስ አላት። ያስቸገረን አቧራዋና ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልክሽን ላውድ ላይ ስለምታደርጊው ነው። አንቺን ስጠይቅ ወንድሜ ሰይፈ ይመልስልኛል፣ ሚስቱ ሀኒ ከወጥ ቤት ትስቃለች፣ እትዬ መንበረ ካሉ ደግሞ ምርቃቱ ይጀመርና የጠየቅሁት ሁሉ ተረስቶ ይቀራል። ይህን ነገር ግን ላንቺ ለብቻሽ ነው የምፈልገው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ ወንድሙ ደብረ ብርሃን ድረስ ያመጣልሻል። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ነገሩ ስለ ሔመን ነው። ስለ አንዲት ትንሽ ቃልም ነው።

እንደምታውቂው ዶርቃን ሳገባ ሔመን አራት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ ዓለምብርሃን በመኪና አደጋ ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር። ይኸው አሁን ጥርሷን እየነቀለች ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይህን ያህል ጊዜ ሆኖን፣ ይቺ ልጅ እኔን በምንም ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ፍሥሐ አትለኝ፣ ጋሼ አትለኝ። የምትፈልገው ነገር ካለ ያለሁበት ድረስ ትመጣና እጅጌዬን ትጎትታለች። ለእናቷ ስለ እኔ ስታወራ «እሱ» ነኝ። ሳትወደኝ ቀርታ አይደለም፤ ሥራ ስሄድ ከምሳ ዕቃዬ ውስጥ ግማሽ ብስኩት ተሸጉጦ አገኛለሁ፣ ከእሷ በቀር ይህን የሚያደርግ የለም። ስም ግን የለኝም። እኔም ልብ ያላልኩ መስዬ ኖርኩ።

ባለፈው ፋሲካ እናንተ ጋ ስንመጣ የሆነውን ታስታውሺዋለሽ። ከረሜላውን በመዳፍሽ ይዘሽ እስቲ አባዬ በዪውና ውሰጂ ስትያት፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየ፣ አንገቷን ደፋችና ከረሜላውን ትታ ወደ ደጅ ወጣች። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔ አዝነሽ ነው። ኋላ ደግሞ ጓዳ ጠርተሽ፣ ልጄ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ አባት ሳትባል ልታረጅ ነው ያልሽኝ ነገር አውሮፕላን ተሳፍሮ አብሮኝ መጥቷል። አልተቀየምኩሽም፤ ከነከነኝ እንጂ። እንዲያውም ይህ ደብዳቤ የዚያ ንግግርሽ መልስ ነው ብትይ አልተሳሳትሽም።

አሁን ወደ ቃሏ ልምጣ። የተከራየነው ቤት ኮድቡር የሚባል ሰፈር ነው፤ ከባለቤቱ ከጃማዕ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ጃማዕ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ልጅ ሳለ በጦርነቱ ጊዜ ወላጆቹ ይዘውት ሸሽተው ጅጅጋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ሶማሊኛ አሥር እጅ ይሻላል። ኢልሃን የምትባል የሔመን እኩያ ልጅ አለችው። በገባን ሰሞን በየማለዳው የምሰማው «አቦ» የሚል ጥሪ ነበር። ኢልሃን አባቷን አቦ ትለዋለች፤ ይሁን፣ በሶማሊኛ አባት ማለት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ግራ ያጋባኝ ጃማዕም መልሶ ልጁን አቦ የሚላት መሆኑ ነው። አቦ ነዪ፣ አቦ ጫማሽን አድርጊ፣ አቦ ወተቱን አትድፊ። እንዴት ነው ነገሩ፣ ማን ነው የማን አባት አልኩ በሆዴ።

የእኔን ጠባይ ታውቂዋለሽ፤ አንድ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ አቦ መጠየቅ ሥራዬ ሆነ። ላንቺ አቦ ሲባል ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ተሳልመሻቸው የምትመጪው ጻድቅ ናቸው። ለሰይፈ ደግሞ የአፉ ማሟሻ ናት፤ አቦ ተወኝ፣ አቦ ይመችህ ሳይል ነገር አይጨርስም፣ አንቺም የጻድቁን ስም የትም አትጣል እያልሽ ስትቆጪው ነው ያደገው። ከአዲግራት መጥተው ሰፈራችን ልብስ ይሰፉ የነበሩት ሰውዬ ልጆች «ኣቦይ» ሲሏቸው ትዝ ይልሻል? በትግርኛም አባት ነው ማለት ነው። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ዳቦ ቤት ያለው ኸይሩ የጭሮ ልጅ ነው፤ እሱን ብጠይቀው በኦሮምኛ ሰው ሲያነጋግሩ በየመሃሉ ጣል የሚያደርጓት የአክብሮት ቃል ናት፣ ሰውየው ዘመድ ይሁን መንገደኛ አትመርጥም አለኝ። ዳቦዬን እየጠቀለለ ሳያስበው ራሱ አቦ አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። አየሽ፣ ሁለት ፊደል ናት፤ ግን በየቤቱ ሌላ ሥራ ይሰጧታል።

አባት ልጁን ለምን አቦ እንደሚላት ግን የሚነግረኝ ጠፋ። አየር ማረፊያው ውስጥ ከእኔ ጋር ጭነት ክፍል የሚሠራው ዓብዲራሺድ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። እሱን ብጠይቀው ነገሩ አባት ላይ ብቻ አይቆምም አለኝ። እናት በሶማሊኛ ሆዮ ናት፤ እናትየዋም ልጇን ሆዮ ትላለች። አጎት አዴር ነው፤ አጎትየውም የወንድሙን ልጅ አዴር ይላል። ለምን ብዬ ስይዘው፣ ወላሂ አስቤበት አላውቅም፣ እኛ ቤት ስንወለድ እንደዚህ ነው፣ ለመሆኑ አንተ የተቀጠርከው ሻንጣ ልትመዝን ነው ቃል ልትመዝን ብሎ አባረረኝ። እኔም ነገሩን እንደ ጨዋታ ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ያቺ ዓርብ መጣች።

ዶርቃ ለሥራ ቡርዖ ሄዳ ነበር፤ የድርጅቷ የሕፃናት ምግብ ፕሮጀክት እዚያም ስላለ አልፎ አልፎ ትሄዳለች። ጃማዕና ቤተሰቡ ከሰዓት በኋላ ዘመድ ጥየቃ ወጥተዋል። እኔ ቴሌቪዥን ከፍቼ ኳስ እያየሁ የሥራ ሸሚዞቼን እተኩሳለሁ፤ ሔመን ግቢ ውስጥ ትጫወታለች ብያለሁ። ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እዚህ ከተማ በየጎኑ ሕንፃ የማይቆምበት ቦታ ስለሌለ፣ ዓርብም የማያርፍ ግንበኛ አለ ብዬ ሸሚዜን መተኮሴን ቀጠልኩ። ሥራዬን ስጨርስ ጭማቂ ልስጣት ብዬ ወደ ግቢ ብወጣ ልጅቷ የለችም። ኳኳታው ግን አለ፤ ከጓሮው ሽንት ቤት ነው የሚመጣው። የብረት በሩ መቀርቀሪያ ነክሶ ዘግቶባታል። በብሎን መፍቻ ታግዬ ስከፍተው ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ጣቶቿ ከመደብደብ ብዛት ቀልተው ቆማለች። አላለቀሰችም። አቅፌ አወጣኋትና፣ ልጄ፣ ቤት ውስጥ እንዳለሁ እያወቅሽ ለምን አልተጣራሽም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ምን ብዬ አለችኝ።

እቴቴ፣ ልጅቷ እየሞገተችኝ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በጨለማ ቆማ በር የደበደበችው እኔን የምትጠራበት ቃል ስላልነበራት ነው። ለመጮህ እንኳ ስም ያስፈልጋል ለካ። ያን ቀን ውሃ ሰጥቻት፣ እጇን በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዤላት፣ ኳሱም ሸሚዙም አስጠልቶኝ ዋልኩ።

እውነቷን ነው፣ ምን ብላ ትጥራኝ? «አባዬ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው። የዓለምብርሃን ፎቶ ከአልጋዋ ራስጌ ነው፤ ስትተኛ ደህና እደር አባዬ ትለዋለች፣ እኔም ከፎቶ ጋር ልሻማ አልፈልግም። በስሜ እንዳትጠራኝ እናቷ ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው ብላ አሳድጋታለች። ቋንቋችን ለእኔ ቢጤ ያዘጋጀው «የእንጀራ አባት» የሚል ስም ነው። ስሙ ራሱ ሲጠራ አፍ ላይ ይደርቃል፤ ደግሞስ በር ተዘግቶበት የእንጀራ አባቴ ሆይ ድረስልኝ ብሎ የሚጮህ ልጅ የትኛው አገር ነው ያለው? እኛም ብንሆን አንቺን እቴቴ ያልንሽ የአክስቶቻችንን አፍ ሰምተን ነው፤ አባታችንንም ጋሼ እንዳልነው ቀበርነው። ያስተማረን የለም፤ ቃሉን ቤት ውስጥ አገኘነው። ሔመን ግን እኛ ቤት ስትገባ ለእኔ የሚሆን ቃል አላገኘችም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና ነገሩን ለጃማዕ አነሳሁት። አመሻሹ ላይ ከዘመድ ቤት ሲመለሱ የሆነውን ሰምቶ፣ የቤቱ ባለቤት እኔ ሆኜ ሳለ ብሎ በጣም አፍሮ፣ ወዲያው አዲስ መቀርቀሪያ ይዞ መጣ። እሱ ሲፈታ እኔ ብሎኑን እየያዝኩለት ሔመን ያለችኝን ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠና፣ ቆይ፣ አንተስ እሷን ምን ብለህ ነው የምትጠራት አለኝ። ሔመን እላታለሁ አልኩት። እሱማ የሁሉም ነው፣ አስተማሪዋም ጎረቤቷም ሔመን ነው የሚሏት አለኝ። ከዚያ ያን ሁሉ ሰው ስጠይቅ የከረምኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚጠራው አባት ነው አለ። ኢልሃን በተወለደች ዕለት በጆሮዋ አዛን ካሰማኋት በኋላ አቦ፣ አቦ አልኳት፤ በየቀኑ ስላት ኖርኩ፣ አፏን ስትፈታ መለሰችልኝ። አቦ ስላት እኔ ለእሷ ማን እንደሆንኩ እየነገርኳት ነው። አንተ ያልሰጠሃትን ከየት አምጥታ ትመልስልህ አለኝና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

ያን ሁሉ ዘመን እኔ እሷ እስክትጀምር እጠብቃለሁ፣ እሷ ደግሞ እኔ እስክጀምር ትጠብቃለች። አንቺም በከረሜላው የጠበቅሽው እሷ እንድትጀምር ነው። ሁላችንም ከልጅ አፍ ስንጠብቅ የሰጣት ሰው የለም።

በማግስቱ፣ እዚህ ቅዳሜም ትምህርት አለና፣ ለትምህርት ቤት የጫማዋን ክር ሳስርላት፣ አቦ፣ ቦርሳሽን እንዳትረሺ አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። ከዚያ ሮጣ ሄዳ ለኢልሃን ነገረቻት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲንፈቀፈቁ እሰማለሁ። እኔ ግን አልተውኩም። አቦ ነዪ፣ አቦ ብዪ፣ አቦ ጥርስሽን ተፋቂ። መልስ የለም። አንድ ቀን ብቻ እጅጌዬን ጎትታ፣ እንደዚያ አይደለም፣ መጀመሪያው ላይ ሳብ ነው የሚደረገው ብላ አረመችኝ። ኸድራ፣ የጃማዕ ሚስት፣ ከመስኮቷ ሆና ስትሰማኝ ማሻአላህ እያለች ታበረታታኛለች፤ እኔ ግን ሲመሽ ሲመሽ ልቤ ይፈራ ነበር።

ዶርቃ ከቡርዖ ስትመለስ በመጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። አቦ ስትል የታክሲ ረዳት ትመስላለህ አለችኝ። ሔመን ወደ ግቢ ስትወጣ ግን ሳቋን ትታ፣ ዓለምብርሃንን ልታስረሳት ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አልሸሸግሽም፣ ነገሩ አመመኝ፤ ግን መጠየቋ ተገቢ ነው። ፎቶው ካለበት አይነሳም፣ አባዬ የሚለውም የእሱ ነው፣ እኔ የፈለግሁት ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው አልኳት። ሻንጣዋን መፍታት ጀመረችና፣ ባትመልስልህስ አለችኝ። ባትመልስልኝም እጠራታለሁ አልኳት። ይህን ስል ድፍረት መስሎሽ እንዳትሸወጂ፤ ከአፌ ቀድሞኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄድኩ። የሚለቀቁበት ሰዓት ደጁ የባጃጅና የአባት ጥርቅም ነው፤ ከውስጥ «አቦ» የሚል ድምፅ በወጣ ቁጥር ወንዱ ሁሉ አንገቱን ያዞራል። እኔ ዝናቡ ዘንድሮ ቀረ አልቀረ እያልኩ ከባጃጅ ሾፌሩ ጋር ወሬ ይዣለሁ። አቦ የሚል ሰማሁ፤ የሰው ልጅ ናት ብዬ አልዞርኩም። ደገመች፤ አልዞርኩም። ኋላ የማላውቀው አባት ትከሻዬን ነካ አደረገኝና በአገጩ ወደ በሩ አሳየኝ። ሔመን ናት። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ ፊቷ በቁጣ ቲማቲም መስሎ ቆማለች። እየተመናቀረች መጥታ በደብተሯ ክንዴን መታችኝና፣ ስጠራህ አትሰማም እንዴ አለችኝ።

እቴቴ፣ ስንት ጊዜ የጠበቅሁት ቃል መጥቶ አለመስማቴ አያስቅሽም? ይቅርታ አቦ አልኳትና ቦርሳዋን ተቀበልኳት። ባጃጁ ውስጥ ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ ታወራልኛለች፣ እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ አለቅሳለሁ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ አቧራ ገባብህ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከክፍል ወደ ክፍል ትጣራለች፤ ለጠፋ እርሳስ፣ ለማይከፈት ጠርሙስ፣ ለምንም ለማይረባ ነገር። አንዳንዴ ምን ልትል እንደጠራችኝ ትረሳዋለች። እኔ እንደሆንኩ አቤት ማለት አይሰለቸኝም።

እንግዲህ ለገና እንመጣለን ብለናልና ልመናዬን ልናገር። ሔመን ቤትሽ ገብታ አቦ ብላ ስትጠራኝ የሚስቅባት አይኑር። ሰይፈ ቃሏን እንደ ራሱ ቃል ቆጥሮ አቦ ይመችሽ እንዳይላት አንድ ጊዜ ዓይንሽን አፍጥጪበት፤ ያንቺን ዓይን እስከ ዛሬ ይፈራል። አይ፣ አባዬ ነው የሚባለው ብሎ የሚያርማትም እንዳይኖር። አንቺም የጻድቁ ስም ያለ ቦታው ዋለ ብለሽ አትጨነቂ፤ እሳቸውም አባት ናቸው፣ ነገሩ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ይሄ ነው ዋናው። ሔመን አንቺንም በምንም ጠርታሽ አታውቅም። አስተውለሽው ይሆን? ፋሲካ ላይ ውሃ ሲጠማት አጠገብሽ መጥታ ነበር የምትቆመው። ስለዚህ ደጃፉን ስንገባ የእኛን ደንብ ተይውና የዚህን አገር ደንብ ያዢልኝ። አያቴ በዪኝ አትበያት፤ አንቺው ራስሽ አያቴ በያት። እማማም ብትያት፣ እቴቴም ብትያት የመረጥሽውን፤ ብቻ ልትሰሚው የምትፈልጊውን ስም ስጫት። እንደ እብድ ብታይሽ እንዳትደነግጪ፣ እኔንም እንዲያ ነው ያየችኝ። ወዲያው ባትመልስልሽም አትዘኚ። ታመላልሰዋለች፣ ትስቅበታለች፣ ምናልባትም አጠራርሽን ታርምሽ ይሆናል።

ለሰይፈ ሰላም በይልኝ፤ ደብዳቤው ምን ይላል ሲልሽ ስለ ጉልበት ማሰሪያው ነው በይው። ለሀኒ የጠየቀችኝን የሐበሻ ቀሚስ ላይ የሚደረብ ሻሽ እንዳገኘሁላት ንገሪያት። ትንሹን ልጃቸውን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። እትዬ መንበረን ምርቃታቸው በየአየሩ ደርሶናል በያቸው። ዶርቃ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ለገና የምታመጣልሽን ብርድ ልብስ አይታ መርጣለች። ጃማዕና ኸድራ አላህ ጉልበትሽን ያሽርሽ ብለውሻል።

ሔመን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና የመጨረሻውን ገጽ ጥግ በእርሳስ እየሞነጨረች ነው። ሰላም በልልኝ ስትለኝ፣ ለማን ብዬ ልጻፍልሽ አልኳት። ቀና ብላ አሰበችና፣ እሷ እኮ ገና አልጠራችኝም አለችኝ።

ልጅሽ ፍሥሐ
ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.